ያልተነበበው ቢጫ

አዲስ አበቤ ሆኖ አዳማን የማያውቅ ጥቂት ነው። ለስብሰባ ያልሄደ ለሠርግ ሄዷል፤ ለሠርግ ያልሄደ ሙቀት ፍለጋ ወርዷል። ሞጆ ላይ ታጥፎ መቂ ድረስ የዘለቀ ግን፣ የሽንኩርት ነጋዴ ካልሆነ በቀር፣ ብዙ አይመስለኝም። ይህን የምጽፈው ለማትሄዱት ነው። ከተመለስኩ ሳምንቴ ነው፤ የመቂ ትንኝ የነደፈችኝ ቦታ ገና ያሳክከኛልና ሳይድን ልጨርሰው።

የሄድኩት ለሽርሽር አይደለም። ጫላ የሚባል ጓደኛዬ ጠርቶኝ ነው። ዩኒቨርሲቲ አብረን ፕሮግራሚንግ ተምረን፣ እኔ አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ስቀር እሱ ወደ ትውልድ ከተማው ወደ አዳማ ተመልሶ ማሽን የሚያንቀሳቅስ ኮድ መጻፍ ያዘ። የሚጽፈው ራስት በሚባል ቋንቋ ነው። ራስት ጥብቅ ነው። ኮዱን የሚመረምረው ኮምፓይለር የተባለው ፕሮግራም እንደ ድሮ የኔታ ቁጡ ነው፤ ከባዱን ስህተት በቀይ፣ ማሳሰቢያውን በቢጫ እየጻፈ ይመልሳል። ቀይ ካለ ፕሮግራሙ አይሠራም። ቢጫ ካለ ይሠራል፤ ምን ሊመጣ እንደሚችል ግን አስጠንቅቋል።

ጫላ ግላኮማ የሚባል በሽታ ዓይኑን ከወሰደበት ሁለት ዓመት አልፎታል። ስክሪኑን በእንግሊዝኛ የሚያነብለት ድምፅ አለው፤ «ፈረንጁ» ይለዋል። ፈረንጁ ሌላውን ሁሉ አሳምሮ ያነባል። ኮምፓይለሩ ግን ስህተቱን የሚያሳየው በቀስትና በመስመር እያሰመረ ስለሆነ፣ ፈረንጁ እሱ ላይ ሲደርስ «ሰረዝ፣ ሰረዝ፣ ሰረዝ፣ ቀጥ ያለ መስመር፣ ሰረዝ» እያለ ጆሮ ያደነቁራል። የኤአይ ረዳትም ሞክሯል። ረዳቱ ኮዱን ያይና «ትክክል ነው» ይለዋል፤ ኮምፓይለሩን ጠይቆ ግን አይደለም፣ በግምት ነው። ሰፈሩን ረግጦ ሳያውቅ በስልክ አቅጣጫ እንደሚናገር ሰው።

«ሰኒ፣ ያ ረዳት ከራስት መሣሪያዎች ጋር ይገናኛል ሲሉ ሰምቻለሁ» አለኝ በስልክ። «ራሱ ኮምፓይለሩን እየጠየቀ በቃል እንዲነግረኝ አድርጊልኝ። እሑድ መቂ ላይ ሁለተኛ ሙከራ አለብኝ። ይሄኛውም ከተበላሸ ላፕቶፑን እሸጠዋለሁ። በቃኝ።»

የመጀመሪያውን ሙከራ ታሪክ አውቀዋለሁ። ጫላ የአፈር እርጥበት እየለካ የውሃ ሞተር የሚያስነሳና የሚያጠፋ ዕቃ ሠርቶ፣ መቂ አንድ የሽንኩርት መደብ ላይ ተከሉለት። ሌሊት በሬ ገመዱን ረግጦ እርጥበቱን የሚለካውን ሴንሰር ነቀለው። ሞተሩ እንደመቆም እስኪነጋ ውሃ ሲያስገባ አደረ፣ መደቡ ተጥለቀለቀ፣ ሽንኩርቱ በሰበሰ። ጫላ ከዚያ ወዲህ «ዓይን ቢኖረኝ አየው ነበር» ከማለት ሌላ ቃል የለውም።

ሐሙስ

ከቃሊቲ መናኸሪያ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ የፍጥነት መንገዱን ይዞ ሲወርድ፣ ከጎኔ የተቀመጡ አንዲት እናት መስኮቱን ዘጉት። እስከ ገላን ታገስኩ።

«እማማ፣ ትንሽ ብንከፍተውስ?»

«ልጄ፣ ንፋስ ገብቶ ጎኔን ሊወጋኝ?»

በቃ። አሥራ ምናምን ሰው እንደ ድንች ተቀቀልን። እኛ አዲስ አበባ መስኮት የምንዘጋው ለብርዱ ነው፤ ወደ አዳማ የሚወርድ ሰው ምኑን እንደሚፈራ እስካሁን አልገባኝም። ሞጆ ስንደርስ የቆዳው ሽታ ሲመጣ ግን እማማ ልክ ነበሩ። ሽቶ የተረጨበት መሐረባቸውን ግማሹን ለኔ አካፍለውኝ፣ ሁለታችንም አፍንጫችንን ይዘን አለፍን።

አዳማ ወርጄ ለባጃጁ ልጅ የሰፈሩን ስም ስነግረው ዞር ብሎ አየኝ። «ጫላ ጋ ነሽ? አቦ፣ ግቢ!» አለኝ። የጫላ ሚስት ለሊሴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። የአንደኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህርት ናት፤ ቀጭን፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን። «በጋ ነጋን ዱፍቴ! በሰላም መጣሽ? ምነው እንዲህ ላብ በላብ ሆንሽ?» ብላ ቦርሳዬን ተቀበለችኝ። ጫላ ከውስጥ በድምፄ ለየኝ። አቅፎኝ ቆየ፤ ከዚያ ፊቴን በእጁ ዳሰስ አድርጎ «አልከሳሽም» አለ። ይህን የመሰለ ውሸታም ጓደኛ እግዜር ለሁሉም ይስጥ።

ውሃ ጠጥቼ ላፕቶፔን ስከፍት ባትሪው ሊያልቅ ነው። ቻርጀሩን ፈለግኩት። ቻርጀሩ አዲስ አበባ፣ ሳሎኔ ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ ተሰክቶ ይታየኛል። ያንን ሁሉ መንገድ ዕቃ ላገናኝ መጥቼ የራሴን ዕቃ ማገናኛ ረስቼ መጣሁ። ለሊሴ ሳትነግረኝ ወጥታ ሄደች። ስትመለስ የትምህርት ቤታቸውን ርዕሰ መምህር ቻርጀር በነጠላ ጠቅልላ ይዛለች። ሰውየው የራሳቸውን ሥራ አቋርጠው ነው የሰጡት፤ «እንግዳ አይቸገርም» ብለው።

ማታ እራት ከበላን በኋላ ሥራቸውን ሲሠሩ ተቀምጬ አየሁ። ለሊሴ በቀኙ ትቀመጣለች። እሱ ይጽፋል፣ ኮምፓይለሩን ያስነሳል፤ እሷ ጣቷን ስክሪኑ ላይ እያሄደች ታነብለታለች። ልጆች ፊት እንደምታነበው ነው፣ ጥርት አድርጋ። አንዱን በጨረሰች ቁጥር «ቀጥዪ» ይላታል፤ ትቀጥላለች። አልፎ አልፎ ትንፋሿን ሳብ አድርጋ ገጹን ወደ ታች ታወርዳለች። ቀኑን ሙሉ አስተምራ ስለዋለች ደክሟት ነው ብዬ አሰብኩ። እንቅልፌ እስኪመጣ የሁለቱን ድምፅ ሰማሁ፤ ቤቴ ውስጥ እንዲህ የሚያነብልኝ ሰው እንደሌለ ትዝ ብሎኝ ትንሽ ከፋኝ።

ዓርብ

ቁርስ ጨጨብሳ ነበር። በማር አድርጋ አቀረበችልኝ፤ እኛ ቤት በበርበሬ ነው። ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ።

ከዚያ ወደ ሥራ ገባን። ሥራው በአጭሩ እንዲህ ነው፤ በረዳቱና በራስት መሣሪያዎች መሀል አንድ ትንሽ አገናኝ ፕሮግራም ይቀመጣል። ረዳቱ በሱ በኩል ኮምፓይለሩን «መርምርልኝ» ይለዋል፣ የትኛው ስም የት እንደተጻፈ ይጠይቃል፣ መልሱን ያለ ቀስትና ያለ መስመር ይቀበላል። ከዚያ ለሰው በሚገባ አረፍተ ነገር ይናገራል፤ ያን ጊዜ ፈረንጁ ያነበዋል። ወረቀት ላይ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። አዳማ ላይ ግን መጀመሪያ ኔትወርኩ ተጎተተ፣ ቀጥሎ መብራት ጠፋ። ለሊሴ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ገና ማውረዱ አላለቀም ነበር።

መብራቱ መጣ፣ አገናኘሁት። ጫላ ራሱ ጻፈለት፦ «ኮዱን በሙሉ መርምርና ስህተት ካለ ንገረኝ።» ፈረንጁ መልሱን አነበበ። ምንም ስህተት የለም፣ ምንም ማሳሰቢያ የለም።

ለሊሴ እልል አለች። ጫላ ጠረጴዛውን መታ። እኔም ተነሥቼ አቀፍኳቸው። ስቀመጥ ነው ያየሁት። ረዳቱን የተሳሳተ ፎልደር ላይ ጠቁሜው፣ ባዶ ፎልደር መርምሮ ንጹሕ ነው ብሎናል። «ይቅርታ፣ እልልታውን መልሱልኝ» አልኳቸው። ሳቁብኝ። አስተካክዬ እንደገና አስነሳነው።

ይህን ጊዜ መልሱ ረጅም ነበር። ረዳቱ መጀመሪያ፣ ከዚህ በፊት ትክክል ነው ያለው ኮምፓይለሩን ሳይጠይቅ እንደነበር ተናገረ። አሁን ጠይቋል። ቀይ የለም፤ ቢጫ ግን ብዙ አለ። ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት ብሎ አንዱን አወጣው። የሴንሰሩ ንባብ ሳይሳካ ሲቀር ኮዱ አለመሳካቱን ተቀብሎ ዝም ይላል። ዝም ሲል ቁጥሩ ዜሮ ሆኖ ይቀራል። ዜሮ ማለት ለፕሮግራሙ ደረቅ አፈር ነው። ስለዚህ ሴንሰሩ ቢነቀል ሞተሩ አይቆምም።

ጫላ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ። «ይሄ ማሳሰቢያ ከመቼ ጀምሮ ነው ያለው?» ብሎ ጠየቀኝ። አየሁት። ከመጀመሪያው ሙከራ በፊት ጀምሮ አለ። ኮምፓይለሩ በተነሳ ቁጥር በቢጫ ሲጽፈው ነበር። ልነግረው አፌን ስከፍት ለሊሴ ቀደመችኝ።

«ቢጫውን አላነብልህም ነበር» አለች። ቆማለች፤ እጇ አፏ ላይ ነው፣ አሁን ግን አትስቅም። «ቀዩን ብቻ ነው የማነብልህ። ቀዩን ሳነብልህ ፊትህ ይጠቁራል። ያ ሁሉ ቢጫ ሲጨመርበት… ፕሮግራሙ ይሠራል ብለህ ነግረኸኝ ነበር፣ ቢጫ አይከለክልም ብለህ። ዛሬስ ይረፍ፣ ነገ አነብለታለሁ እላለሁ። ነገ ሌላ ቀይ ይመጣል። መርዶ እንኳ ሰው እህል ቀምሶ፣ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው፤ እኔ በየማታው መርዶ ነጋሪ ልሁንብህ?»

እኔ ከዚያ ቤት ብጠፋ ደስ ባለኝ።

«አውቅ ነበር» አለ ጫላ።

«ምኑን?»

«እንደምትዘልዪ። ስትዘልዪ ትንፋሽሽን ትስቢያለሽ። በየማታው እሰማለሁ። ምንድነው የዘለልሽው ብዬ ብጠይቅሽ ትጨነቂያለሽ። ዓይኔ ሆነሽ ስትደክሚ ደግሞ ልቆጣጠርሽ? ይሉኝታ ያዘኝ። ረዳቱም ትክክል ነው ሲለኝ፣ የዘለልሽው ትንሽ ነገር ይሆናል ብዬ ተውኩት።»

ሁለቱ ለመተዛዘን ሲሉ አንድ መደብ ሽንኩርት አበስብሰዋል። አዲስ አበባ ቢሆን ባልና ሚስት ጥፋቱ ያንተ ነው ያንቺ ነው ሲባባሉ ያድሩ ነበር። እነዚህ ጥፋቱን እየተሻሙ ቆሙ፤ እሷ «የኔ ነው» ትላለች፣ እሱ «የኔ ነው» ይላል። ዕንባዬ መጣ፣ አልደበቅኩትም። ለሊሴ የኔን ዕንባ ስታይ ውሃ ልታመጣልኝ ወጣች። ኩሽና ስከተላት ብርጭቆውን ይዛ ግድግዳውን እያየች ነበር።

«ተስተካከለ አይደል?» አለችኝ።

«ይስተካከላል። አሁን ምኑ ጋ እንደሆነ አውቀናል።»

«ጥሩ ነው» አለች። «እንግዲህ ማታ ማታ እኔ አላስፈልገውም ማለት ነው።»

ብርጭቆውን ተቀብያት ጠጣሁ።

ቅዳሜ

ቢጫውን ሁሉ ጠዋት ጨረስነው። ጫላ ያዝዛል፣ ረዳቱ ኮምፓይለሩን ይጠይቃል፣ ፈረንጁ ያነባል። አንድ ጊዜ ረዳቱ የሌለ ትእዛዝ ከራሱ ፈጥሮ ጻፈ፤ ወዲያው ኮምፓይለሩ መለሰበትና ራሱ አረመው። ጫላ እንደዚያ ሲስቅ ከዩኒቨርሲቲ ወዲህ አልሰማሁትም። ለሊሴ ትንሽ ራቅ ብላ ብርቱካን ትልጣለች። ማንም ያልጠየቃትን ብርቱካን ልጣ ልጣ ሳህኑ ሞላ።

ከሰዓት በኋላ ወደ መቂ ሄድን። ከሞጆ ወደ ደቡብ ሲታጠፉ አገሩ ሜዳ ይሆናል፤ ግራር እዚህም እዚያም ቆሟል። ቆቃ ላይ ዓሣ የሚሸጡ ልጆች መኪናው ሳይቆም ዓሣውን መስኮት ላይ ያወዛውዙታል። እንደኔ ዓሣን ከጾም ምግብ የምትቆጥር ሴት እዚያ ብትኖር፣ ጾም እየገደፈች የምትሰበስበው ኃጢአት ይቀል ነበር። መቂ ስንገባ አይሱዙዎቹ ተደርድረው ሽንኩርት ይጭናሉ፤ ደላሎቹ በሁለት ጆሮ ሁለት ስልክ ይዘው ይጮሃሉ። አትክልት ተራ ገብቼ ውድ ነው እያልኩ የምከራከርበት ሽንኩርት የሚነሳው ከዚህ ነው። አፈሩ ገና ከላዩ አልተራገፈም።

ያረፍንበት ፔንሲዮን አጎበሩ የተቀደደ ነበር። ባለቤቷ ስነግራት አልተከራከረችኝም፤ መርፌና ክር ይዛ መጥታ አልጋዬ ላይ ወጥታ ሰፋችው። ትንኟ ግን ከመሰፋቱ በፊት ገብታ ኖሯል፣ ከኔ ጋር ነው የተሰፋችው።

እራት ኦቦ ገመቹ ቤት ተጠራን። ኦቦ ገመቹ የመስኖ ገበሬዎቹ ሰብሳቢ ናቸው፤ ያ የተጥለቀለቀው መደብም የሳቸው ነው። ወተት አስቀረቡልን፣ በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ አቀረቡልን፣ ስለ ጫላ እናት ጤና ጠየቁ። ስለ ሽንኩርቱ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ስንወጣ ብቻ ጫላን በክንዱ ይዘው እስከ በሩ ሸኙትና፣ «ልጄ፣ ነገ ሰዎቹ ሁሉ ይመጣሉ» አሉት። «እኔ ያንተን ልፋት አውቃለሁ። እነሱ ግን የሚያዩት ውሃውን ነው።»

«አውቃለሁ ኦቦ። እርስዎን ዳግመኛ አላሳፍርም» አለ ጫላ። በመንገዳችን ሁሉ ለሊሴ ክንዱን ይዛ ድንጋዩንና ቦዩን ስትነግረው ሄደች። ቅዳሜን ሙሉ ሥራ ፈትታ የዋለች ሴት፣ መንገዱን ሲሰጧት እርምጃዋ ተለወጠ።

እሑድ

ማሳው ከከተማው በባጃጅ ትንሽ ነው። ገበሬዎቹ ከቤተ ክርስቲያን የመጡት ነጠላቸውን እንደለበሱ፣ ሌሎቹ ከቤታቸው፣ በኦቦ ገመቹ ሌላ መደብ ዙሪያ ቆመዋል። ጫላ ዕቃውን በእጁ እየዳሰሰ ገመዶቹን ራሱ ሰካ። አፈሩ ደረቅ ነበርና ሞተሩ ተነሳ። ውሃው በቦዩ መጣ። ሁሉም አጨበጨቡ።

ኦቦ ገመቹ አላጨበጨቡም። «ያን ጊዜም እዚህ ድረስ ደህና ነበር» አሉ። ጎንበስ ብለው፣ ሞተሩ እየሠራ፣ የሴንሰሩን ገመድ ይዘው ነቀሉት።

ለሊሴ እጄን ያዘች፤ ጥፍሯ ገባብኝ። ጫላ የሆነውን አላየም፤ ሰው ዝም ማለቱን ግን ሰምቶ አንገቱን ወደ ሞተሩ አዘነበለ። ሞተሩ ያጓራል። ያጓራል። ከዚያ አንድ ጊዜ ሳል አድርጎ ቆመ። የጫላ ስልክ ኪሱ ውስጥ ጮኸ፤ ስልኩ ላይም ያለው ፈረንጁ በዚያ ባዕድ አነጋገሩ ሴንሰሩ እንዳልመለሰና ሞተሩ እንደቆመ ለመቂ ገበሬዎች በእንግሊዝኛ አወጀ።

«ምን አለ?» አሉ ኦቦ ገመቹ።

«ገመዱን እንደነቀሉት አውቋል» አለ ጫላ። «ስለዚህ አቁሟል።»

ሽማግሌው ገመዱን በእጃቸው ይዘው ቆዩ። ከዚያ መጥተው ጫላን ግንባሩን ሳሙት። «ገለቶሚ፣ ልጄ» ብለው አመሰገኑት። «የሌሎቻችንም መደብ ላይ ትተክልልናለህ።» ላፕቶፑ አይሸጥም። እኔም እንደ ልጅ ዘለልኩ፤ ጫማዬ ቦዩ ውስጥ ገባ። ከገበሬዎቹ አንዱ ጫማዬን አውጥቶ በነጠላው ጫፍ ጠረገልኝ፤ እባክህ ተው ብለውም አልሰማኝም።

ስንመለስ ሦስታችን ባጃጁ ኋላ ተጣበን ተቀመጥን፣ ለሊሴ መሀል። እንደ ልማዷ በሁለቱ ወገን የምታየውን ትነግረው ጀመር። በግራ ቲማቲም ነው፣ ቀልቷል። ሴቶች በሣጥን እየለቀሙ ነው፤ አንዷ ቢጫ ሻሽ አስራለች። በቀኝ ፓፓያ አለ። ሁለት አህዮች መንገዱን ዘግተዋል፣ ለዚህ ነው የቆምነው። ባጃጁ እንደገና ተነሳ፣ በመጀመሪያው ሙከራ የተበላሸውን የኦቦ ገመቹን መደብ አጥር ይዞ ዞረ። እኔም አየሁት። ለሊሴ ትንፋሿን ሳበች፣ ፊቷን ወደ ሌላው ወገን አዞረች። «በግራ በኩል ደግሞ…» አለች።

ጫላ እጁን ሰዶ በጉልበቷ ላይ እጇን አገኘው።

«ቢጫውንም» አላት።

ለሊሴ ዞራ አየችው፤ ከዚያ ወደ መደቡ ተመለሰች። ልጆች ፊት እንደምታነበው፣ ጥርት አድርጋ ነገረችው።

«ያ መደብ ነው። ባዶውን ነው። መሬቱ ተሰነጣጥቋል፣ ምንም አልተተከለበትም። የበሰበሰው ሽንኩርት ጥግ ላይ ተከምሯል፤ ብዙ ነው ጫላዬ፣ እኔ ከነገርኩህ በጣም ይበዛል።»

ጫላ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። እጇን አልለቀቀም።

«ቀጥዪ» አላት።